ተፈጥሮን መቅዳት ወይስ ተፈጥሮን መጠየቅ? ከጭጎጊት እስከ ዋርካ ማማ

ከመስክ ስትመለሱ ልብሳችሁ ላይ ተጣብቆ የሚመጣውን ጭጎጊት ታውቁታላችሁ። ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነጠላ ከያዘ አንድ በአንድ ካልለቀሙት አይለቅም። አብዛኞቻችን እየተማረርን እንለቅመውና እንጥለዋለን። ጆርጅ ዴ ሜስትራል የተባለው የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ግን አልጣለውም። እ.ኤ.አ. በ1941 ከውሻው ጋር አደን ወጥቶ ሲመለስ የሱሪው ጨርቅና የውሻው ጸጉር እንደኛው ጭጎጊት ያለ ፍሬ ተጣብቆባቸው አገኘ። ፍሬውን በማይክሮስኮፕ ሲያየው እያንዳንዷ እሾህ ጫፏ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ነው። መንጠቆዋ በጨርቁ ክር ውስጥ ትገባለች፤ ሲጎትቷት ትለቃለች፤ ሲያስጠጓት ደግሞ እንደገና ትይዛለች። ሰውየው ከአሥር ዓመት በላይ ሲሞክርና ሲያፈርስ ቆይቶ ዛሬ በጫማ፣ በቦርሳና በጃኬት ላይ ‹‹ጠርርር›› እያደረግን የምንከፍተውን ማያያዣ፣ ማለትም ቬልክሮን፣ ለዓለም አበረከተ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን ‹‹አየና ሠራ›› ተብሎ ነው። መሀል ያለው አሥር ዓመት ይዘለላል። በእኔ እምነት ቁም ነገሩ ያለው እዚያው የተዘለለው ላይ ነው። ማየትማ ሁላችንም አይተናል። ሰውየውን የለየው ‹‹ይህች ፍሬ ለምንድን ነው የምትይዘው? በምን ዘዴ?›› ብሎ መጠየቁና መልሱን በሌላ ነገር፣ በናይለን ክር፣ እስኪያገኘው ድረስ አለመተዉ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሙያ ምን ይባላል?

በሳይንሱ ዓለም ባዮሚሜቲክስ ወይም ባዮሚሚክሪ ይሉታል። በግርድፉ ሲተረጎም ‹‹ሕያው ነገርን መምሰል›› ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቃል በ1950ዎቹ ያወጣው ኦቶ ሽሚት የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሲሆን፣ ሁለተኛውን ደግሞ ጃኒን ቤንየስ የተባለች ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመችው መጽሐፍ በሰፊው አስተዋውቃዋለች። ሐሳቡ ቀላል ነው። እንስሳትና ዕፅዋት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ብዙ ችግር ገጥሟቸው መፍትሔ አግኝተዋል፤ ያላገኙት ጠፍተዋል። ስለዚህ መሐንዲስ አዲስ ችግር ሲገጥመው ‹‹ይህን ችግር ከእኔ በፊት የፈታው ማን ነው?›› ብሎ ዙሪያውን ቢያይ ይጠቀማል።

‹‹አንቺ የጋዜጠኝነት ተማሪ አይደለሽም እንዴ? ከምህንድስና ጋር ምን አገናኘሽ?›› የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። የሚያገናኘኝ አለ። እንዲህ ያሉ ፈጠራዎች ሕዝብ ጆሮ የሚደርሱት በእኛ በኩል ነው። እኛ ደግሞ አንድ ልማድ አለን፤ ‹‹ተአምረኛ››፣ ‹‹አስደናቂ›› ብለን እንጽፍና እንሄዳለን። በዚህ ጽሑፍ ላሳያችሁ የምሞክረው ተፈጥሮን በመልክ በመቅዳትና ምክንያቱን በመጠየቅ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ወደ ኋላ እንደምታዩት ጉዳዩ አገራችንም ገብቷል፤ ያውም በውሃ ጉዳይ።

የወፏ ምንቃርና የባቡሩ አፍንጫ

መጀመሪያ ወደ ጃፓን እንሂድ። የጃፓን ፈጣን ባቡሮች ብዙ ዋሻ ያቋርጣሉ። ባቡሩ በከፍተኛ ፍጥነት ጠባብ ዋሻ ውስጥ ሲገባ፣ የመርፌ መግፊያ መድኃኒቱን ገፍቶ እንደሚያስወጣው ሁሉ፣ ፊቱ ያለውን አየር እየጨመቀ ይገፋዋል። የተጨመቀው አየር በዋሻው ሌላኛው ጫፍ ሲወጣ እንደ መድፍ ይጮኻል። በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች አቤቱታ አሰሙ።

ችግሩ እጁ ላይ ከወደቀባቸው መሐንዲሶች አንዱ ኤጂ ናካትሱ ነበር። ናካትሱ በትርፍ ጊዜው ወፎችን መከታተል ይወዳል። ራሱን የጠየቀው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው፦ ‹‹ከቀላል ነገር ወደ ከባድ ነገር በድንገት እየገባ የሚኖር ፍጡር አለ?›› አለ። ዓሣ አጥማጅዋ ወፍ ከአየር ላይ ተወርውራ ውሃ ውስጥ ስትገባ ውሃውን እምብዛም አትረጨውም። ምክንያቱ ምንቃሯ ነው፤ ከጫፉ ሹል ሆኖ እየሰፋ ስለሚሄድ ውሃውን አይገፋም፣ ሰንጥቆ ያሳልፈዋል እንጂ። ይህችን ወፍ በአባይም በጣናም ዳር እናያታለን። እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ የጀመረው ‹‹500›› የተሰኘው የሺንካንሰን ባቡር 15 ሜትር የሚረዝም ሹል አፍንጫ ያለው በዚህ የተነሣ ነው። ጩኸቱ ቀነሰ፤ የሚፈጀው ኤሌክትሪክም ቀነሰ።

ልብ በሉ፤ ናካትሱ ለባቡሩ ላባ አላበጀለትም፣ ክንፍም አልቀጠለለትም። ከዚህች ወፍ የወሰደው አንድ ነገር ብቻ ነው። የወሰደውም የወፏና የባቡሩ ችግር አንድ ዓይነት መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው።

‹‹ምን ይበላል?››

አሁን ወደ ሮቦቶቹ እንምጣ። ቦስተን ዳይናሚክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ‹‹ቢግ ዶግ›› የሚባል ባለ አራት እግር ሮቦት ሠርቶ አሳየ። ስሙ ውሻ ይሁን እንጂ የታሰበለት ሥራ የበቅሎ ነው፤ መኪና በማይገባበት ተራራና ገደል ለወታደር ጓዝ መሸከም። ለምን እግር አስፈለገ? መንኮራኩር ያልተቋረጠ መሬት ይፈልጋል። እግር ግን መርጦ ይረግጣል። እዚህ ድንጋይ ላይ፣ ቀጥሎ እዚያ ማዶ፣ መሀሉ ጉድጓድ ቢሆንም ግድ የለውም። የደጀን ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከተማችን ያለችው የአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ሲወርድ፣ በቅሎና አህያ ደግሞ በራሳቸው አቋራጭ ይወርዳሉ።

የቢግ ዶግን ቪዲዮ ለአጎቴ አሳየሁት። ዕድሜውን ሙሉ በቅሎ ጭኖ ቆላ ሲወርድና ሲወጣ የኖረ ሰው ነው። ስልኬን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አየው። ሮቦቱ በረዶ ላይ አዳልጦት ሊወድቅ ሲል እግሮቹን አንፈራግጦ ሲቆም፣ ‹‹እሰይ! ይህስ እግር አለው›› አለ። ቀጥሎ ምን ብሎ ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው?

‹‹ምን ይበላል?››

‹‹ቤንዚን ነው አያ።››

‹‹ቤንዚኑ ቢያልቅበትስ?››

‹‹ይቆማላ።››

‹‹በይ እንግዲህ፤ የኔ በቅሎ ገደል መሀል ቢርባት ሣር ትነጫለች። ይህን ግን ጓዙንም እሱንም እኔ ልሸከም ነዋ!›› ብሎ ሳቀ።

የአጎቴ ጥያቄ ቀልድ ይመስላል እንጂ የሙያው ዋና ጥያቄ ነው። የቢግ ዶግ ታላቅ ወንድም የሆነው ‹‹ኤልኤስ3›› እስከ 180 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲሸከም ታስቦ ተሠራ። የአሜሪካ ማሪን ጦር ወታደሮች በመስክ ከሞከሩት በኋላ ግን በ2015 ተወው። ዋናው ምክንያት የሞተሩ ጩኸት ነበር፤ ጠላት ከሩቅ ይሰማዋል። በቅሎ ዝም ብላ ትሄዳለች። መሐንዲሶቹ የበቅሎን እግር በሚገባ ወሰዱ፤ የበቅሎን ሆድ ግን መውሰድ አልቻሉም። በኋላ ኩባንያው ‹‹ስፖት›› የተባለውን ትንሽና በባትሪ የሚሠራ ሮቦት አወጣ። እሱ ድምፁ ዝግ ያለ ሲሆን፣ ፋብሪካና የግንባታ ቦታ ውስጥ እየዞረ ፎቶ ያነሣል፣ መሣሪያ ይፈትሻል። በአጭሩ ለእግሩ የሚመጥን ሥራ አገኙለት።

ንቧም ላይ ያየነው ይኸው ነው። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሮበርት ውድ የምርምር ቡድን ‹‹ሮቦቢ›› የተባለች 80 ሚሊ ግራም ያህል የምትመዝን ሮቦት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 በቁጥጥር ሥር አበረራት። ክንፏን በሰከንድ 120 ጊዜ ታርገበግባለች። ግን ኤሌክትሪኩ የሚደርሳት በቀጭን ሽቦ ከመሬት ነበር። ሽቦው ተቆርጦላት በፀሐይ ኃይል ዓይነት ብርሃን እንድትበር የተደረገችው በ2019 ሲሆን፣ ያኔም አየር ላይ የቆየችው ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ይህን ያነሣሁት የሰዎቹን ልፋት ለማንኳሰስ አይደለም፤ ትልቅ ሥራ ነው። ግን የጎጃም ንብ ስንቋን ማር አድርጋ ይዛ ኪሎ ሜትሮችን ስትመላለስ ስናይ፣ ክንፍ ከስንቅ ይልቅ እንደሚቀል ይገባናል።

ኩይሳውን በተሳሳተ መንገድ ያነበበው ሕንፃ

ሦስተኛው ምሳሌ ከአፍሪካችን ነው። በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ ኢስትጌት የተባለ የሱቅና የቢሮ ሕንፃ አለ። ንድፉን የሠራው ሚክ ፒርስ የተባለ የዚምባብዌ አርክቴክት ሲሆን ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1996 ተከፈተ። ሕንፃው የተለመደው ዓይነት የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ የለውም። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር በማራገቢያ እየተሳበ በወለሎቹ ሥር ያልፍና ኮንክሪቱን ያበርደዋል፤ ቀን ደግሞ የበረደው ኮንክሪት ክፍሎቹን ያቀዘቅዛል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ በጭስ መውጫዎች ይወጣል። ፒርስ ሐሳቡን ያገኘው ከምስጥ ኩይሳ ነው።

አስገራሚው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፒርስ የተመረኮዘው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በነበረው እምነት ላይ ነው፤ ኩይሳ እንደ ጭስ ማውጫ ሞቃት አየር ወደ ላይ እያስወጣ ራሱን ያቀዘቅዛል የሚል። በኋላ ስኮት ተርነርና ሩፐርት ሶር የተባሉ ተመራማሪዎች ኩይሳዎችን ሲያጠኑ ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2008 አስረዱ። እንደ እነሱ አባባል ኩይሳ ይበልጥ የሚመስለው ሳንባን ነው። የነፋሱ መለዋወጥ በቀዳዳዎቹ ውስጥ አየሩን እያወዛወዘ የታመቀውን ጋዝ ያስወጣል፤ የጎጆውን ሙቀት በአብዛኛው የሚወስነው ግን የአፈሩ ሙቀት ነው።

እና ሕንፃው ከሸፈ? አልከሸፈም። የሐራሬ ሌሊት ቀዝቃዛ፣ ቀኑ ሞቃት በመሆኑና ኮንክሪቱ ብርድን ስለሚያከማች ሕንፃው ይሠራል። የሠራው ግን ምስጥ ስለተመሰለ ሳይሆን ፒርስ የሐራሬን አየር ስላወቀ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ቀጥሎ ይጠቅመናል።

ዋርካ በዶርዜ

አሁን ወደ አገራችን። አርቱሮ ቪቶሪ የተባለ ጣሊያናዊ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በደጋ መንደሮች ሲዘዋወር ሴቶችና ልጆች ውሃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ሲሄዱ አየ። ከዚያ ውሃን ከአየር የሚሰበስብ ማማ ነደፈ። ስሙን ከየት አመጣው ብትሉ፣ ከእኛው ዋርካ ነው። ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ዕርቅ የሚፈጸምበት፣ ልጅ የሚማርበት ጥላ ስለሆነ ማማውም ሰው የሚሰበሰብበት እንዲሆን አስቦ ‹‹ዋርካ ውሃ›› አለው። የመጀመሪያው ሙሉ መጠን ያለው የሙከራ ማማ እ.ኤ.አ. በ2015 በጋሞ ደጋ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለችው ዶርዜ ተተከለ። ሥራውም በ2016 ዓለም አቀፍ የዲዛይን ሽልማት አግኝቷል።

ማማው ቁመቱ 10 ሜትር ገደማ ነው። አጽሙ ተሰንጥቆ የተጠላለፈ ቀርከሃ ሲሆን ውስጡ ቀጭን መረብ ተንጠልጥሏል። ጭጋግ ሲያልፍ ጠብታዎቹ መረቡ ላይ ይይዛሉ፤ ሌሊት ጤዛ ይጤዛል፤ ሲዘንብም ዝናቡ ይገባል። ጠብታው ጠብታን እየጎተተ ወደ ታች ወርዶ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ፓምፕ የለ። የሚሠራው በአካባቢው ሰው እጅ፣ ያለ ትልቅ ማሽን ነው። ዶርዜዎች ደግሞ ለዚህ እንግዳ አይደሉም። የሽመና ጥበባቸው በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ፊቱ የዝሆን ግንባርና ኩምቢ ይመስላል የሚባለው ረጅሙ ቤታቸውም ከቀርከሃ ተጠልፎ የሚሠራ ነው። ምስጥ የቤቱን ሥር ሲበላው ሥሩን ቆርጠው ዝቅ ያደርጉታል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ቦታ ያስቀይረዋል። እኛ ‹‹ከተፈጥሮ መማር›› ብለን አሁን የምንጽፍለትን ነገር እነሱ ኖረውበታል።

ቪቶሪ ተማርኩባቸው ከሚላቸው የተፈጥሮ ነገሮች መካከል የሸረሪት ድር፣ ቁልቋል፣ የሎተስ ቅጠል፣ የምስጥ ኩይሳና የናሚብ በረሃ ጢንዚዛ ይገኙበታል። ጢንዚዛዋን ትንሽ ላስተዋውቃችሁ። ናሚብ ዝናብ በጣም የሚያንስበት፣ ግን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጭጋግ የሚመጣለት በረሃ ነው። አንድሪው ፓርከርና ክሪስ ሎረንስ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2001 እንደጻፉት፣ የአንዲት ጢንዚዛ ጀርባ ውሃ የሚስቡ ጉብታዎችና ውሃ የማያስጠጉ ሰም የለበሱ ሸለቆዎች አሉት። ጠብታው ጉብታው ላይ ያድጋል፤ ሲከብድ በሸለቆው ተንከባሎ ወደ አፏ ይወርዳል። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይህን ተቀባበሉት። በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በተለያዩ የናሚብ ጢንዚዛዎች ላይ ተደርጎ፣ ጭጋግ ለመጠጣት ቀድማ ወጥታ ራሷን ደፍታ የምትቆመው ሌላ ዝርያ መሆኗን፣ የእሷም ጀርባ እንዲያ ያለ ልዩ ጉብታ እንደሌለው አሳየ። ዋናው ነገር የጀርባዋ ጉብታ ሳይሆን ጠባይዋ ሆኖ ተገኘ፤ መቼና የት እንደምትቆም ማወቋ!

‹‹መቼና የት?›› ይህ ጥያቄ ነው ለእኛ የሚበጀን።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው

ስለ ዋርካ ማማ የወጡ ብዙ ዘገባዎች አንድ ቁጥር ይጠቅሳሉ፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር። ቁጥሩ በርዕስ ላይ ሲወጣ ትልቅ ይመስላል። በጀሪካን ስንለውጠው ግን በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ከሁለት ተኩል እስከ አምስት ጀሪካን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰነዶች አንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብና ለዋና ዋና ንጽሕና በቀን ቢያንስ 20 ሊትር ገደማ እንደሚያስፈልገው ይገልጻሉ። ስለዚህ አንድ ማማ ጥሩ በሰጠበት ቀን ለአምስት ሰው፣ ማለትም ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። 60 ቤተሰብ ላለባት መንደር 300 ሰው ብንል 6,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህም 60 ማማ ማለት ነው።

ይህን ከአንድ ተራ ነገር ጋር እናወዳድረው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 40,000 ሊትር ይሆናል። አምስተኛው በመፍሰስና በመትነን ይባክናል ብንል 32,000 ሊትር ይቀራል። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 88 ሊትር ገደማ ነው። ቆርቆሮና አሸንዳ ከማማው ጋር እኩል ወጡ ማለት ነው!

ታዲያ ማማው ዋጋ የለውም ልላችሁ ነው? በፍጹም። የቆርቆሮው ውሃ የሚመጣው ክረምት ላይ በአንድ ጊዜ ነው። 32,000 ሊትር ደግሞ በሁለትና በሦስት በርሜል አይያዝም፤ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ቢሆን ስድስትና ሰባት ይጠይቃል፤ ሮቶ ደግሞ በገንዘብ ነው። ማማው ጭጋግና ጤዛ በሚበዛበት ቦታ በትንሽ በትንሹ ብዙ ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ ጥሬ ዕቃውም ጫካ ውስጥ ይበቅላል። የኔ ነጥብ ‹‹50 እስከ 100 ሊትር›› የሚለው ቁጥር ብቻውን ሲቆም ምንም እንደማይነግረን ነው። በየትኛው ወር? ስንት ቀን? ለስንት ሰው? የሚለው ካልተጨመረ ዜና አይሆንም፤ ማስታወቂያ ነው።

ደጀን ላይ ቢተከልስ?

ደጀን ላይ ጭጋግ ሞልቷል። ክረምት ላይ ከበረሃው ተነሥቶ አፋፉን ሲያለብሰው የመኪና መብራት ሳይቀር ይጠፋል። ‹‹እንግዲያው መረብ ብንዘረጋ ውሃ በሽ በሽ ነው›› ያለኝ ጓደኛ አለኝ። እስቲ ሐሳቡን በጢንዚዛዋ ጥያቄ እንፈትነው፤ መቼና የት?

ጭጋጉ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደጀን ውሃ አይቸግራትም፤ ከላይ ይዘንባል፣ ከታች ይፈልቃል። ቦኖ ላይ ጀሪካን ተሰልፎ የሚውለው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ያኔ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጭጋግ የለም። በናሚብ፣ በቺሊና በሞሮኮ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጭጋጉ የሚመጣው ከውቅያኖስ ሲሆን ዝናብ በሌለበት ወቅት ጭምር ይመጣል። ጢንዚዛዋ ጭጋግ የምትጠጣው ሌላ የምትጠጣው ስለሌላት ነው።

ጤዛስ? ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ጥርት ሲል መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ክምሩ ረጥቦ ይገኛል። ግን ጤዛ ስስታም ነው። በጣም ጥሩ በሆነ ሌሊት እንኳ ከአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚገኘው ከአንድ ሊትር በታች ነው። 30 ካሬ ሜትር መረብ ቢዘረጋ ቢበዛ ቢበዛ ከአንድ ጀሪካን ተኩል አይበልጥም፤ በአብዛኛው ሌሊት ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ስለዚህ ለደጀን የሚበጃት የናሚብ ጢንዚዛ አይደለችም። የእኛ ችግር ውሃ ማግኘት ሳይሆን የክረምቱን ውሃ እስከ ሚያዝያ ማቆየት ነው። ‹‹ከእኔ በፊት ይህን ችግር የፈታው ማን ነው?›› ብለን ብንጠይቅ፣ ጭጋግ ከምትጠጣው ይልቅ ለክፉ ቀን የምታጠራቅመዋ ንብ ትቀርበናለች። ንብ አበባ ባለበት ወቅት ሰብስባ፣ ውሃውን አትንና በሰም ከድና ታስቀምጣለች፤ አበባ ሲጠፋ ትበላለች። ሰሟን ደግሞ ስድስት ማዕዘን አድርጋ የምትሠራው በትንሽ ሰም ብዙ ማር ስለሚይዝላት ነው። ርካሽ፣ የተከደነና ብዙ የሚይዝ ጎተራ፤ ለውሃ የሚያስፈልገንም እሱ ነው። መቼም ይህን የማወራው የምህንድስና ንድፍ ይዤ አይደለም። ጥያቄው ሲቀየር የምንመለከተው እንስሳም እንደሚቀየር ለማሳየት ነው።

ከቹንጉንጎ የሚገኝ ትምህርት

አንድ ነገር ቀረኝ። ቹንጉንጎ በሰሜን ቺሊ የባሕር ዳርቻ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ውሃ በቦቴ ነበር የሚመጣላት። እ.ኤ.አ. በ1992 በላይዋ ካለው የኤል ቶፎ ተራራ ላይ ወደ 100 የሚጠጉ የጭጋግ መረቦች ተተክለው በቧንቧ ውሃ ወረደላት፤ በአማካይ በቀን 15,000 ሊትር ገደማ። ከ300 ለሚበልጡ ሰዎች ትልቅ ነገር ነበር። ጭጋጉ በቂ ነው፣ ወቅቱም ተስማሚ ነው። ‹‹መቼና የት›› የሚለው ጥያቄ ተመልሷል። ሆኖም ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሥራው ቆመ። መረቦቹ በነፋስ ተቀደዱ፤ የሚጠግናቸው ጠፋ። ነዋሪው የጭጋጉን ውሃ ጊዜያዊ አድርጎ ያየውና የመደበኛ ቧንቧ ይጠይቅ ነበር። ውሃውን የሚሰጠው ጭጋግ ነበረ፤ ‹‹የእኛ ነው›› የሚል ባለቤት ግን አልነበረም።

በደቡብ ምዕራብ ሞሮኮ፣ በቡትመዝጊዳ ተራራ ላይ ዳር ሲ ሕማድ የተባለ በሴቶች የሚመራ ድርጅት የተከለው ግን ከ2015 ጀምሮ ለመንደሮች ውሃ አድርሷል። እዚያ መረቡን ነፋስ እንዳይቀድደው አድርጎ ያሻሻለው ፒተር ትራውትዋይን የተባለ ጀርመናዊ ነው። የሸረሪት ድር ብለን ስናደንቅ የምንረሳውም ይህንኑ ነው፤ ድሩ የሚቆየው ሸረሪቷ በየጊዜው ስለምትጠግነው ነው። ድሩን ቀድተን ሸረሪቷን ከተውናት የቀዳነው ግማሹን ነው።

እኛስ ምን እንጠይቅ?

እንግዲህ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ነገ ተነገ ወዲያ እንዲህ ያለ ዜና እጃችሁ ሲገባ አራት ጥያቄ ይዛችሁ ብትሄዱ መልካም ነው እላለሁ።

አንደኛ፣ እንስሳው የፈታው ችግርና የእኛ ችግር አንድ ነው ወይ? የናካትሱ ወፍ ፈተናውን ያለፈችው በዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ምን ይበላል? ይህ የአጎቴ ጥያቄ ነው። ጉልበቱ፣ ነዳጁ፣ መለዋወጫው ከየት ይመጣል?

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ቦታ፣ ለስንት ሰው ነው? ሊትሩን በጀሪካን ለውጡት፤ አንባቢያችን የሚያውቀው ጀሪካኑን ነው።

አራተኛ፣ ሲቀደድ ማን ይሰፋዋል? ምረቃ ላይ ሪባን ሲቆረጥ ብቻ ሳይሆን ከሦስትና ከአምስት ዓመት በኋላም ተመልሶ የሚያይ ጋዜጠኛ ያስፈልጋል።

አምስተኛ ልጨምር ነበር፤ የአካባቢው ሰው ምን አለ የሚል። ከዚያ ግን ሳስበው ይህ አምስተኛ መሆን የለበትም፤ ከሁሉም በፊት ነው። ዶርዜዎች ቀርከሃ እንዴት እንደሚጠለፍና ምስጥ የቱን እንደሚበላ፣ የበረሃው ሰው በቅሎ የቱን ድንጋይ እንደማትረግጥ፣ የጎጃም ንብ አናቢ ቀፎው የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚሰቀል ያውቃሉ። ይህ ሁሉ ተፈጥሮን በማየት የተገኘ ዕውቀት ነው። መሐንዲሶቻችን በማይክሮስኮፕ ከማየታቸው በፊት ቢሰሙት ብዙ ዓመት ይቆጥባሉ። የሚያሰማቸው ደግሞ የእኛ ሙያ ነው።

ተፈጥሮ ጥሩ መምህርት ናት። ግን እንደ ማንኛውም መምህር የምትመልሰው የተጠየቀችውን ያህል ነው። ቸር ይግጠመን።